ዝናባማ ማክሰኞ የሞላው አዳራሽ

አንድ ሰው «እመጣለሁ» ሲላችሁ፣ እንደማይመጣ ፊቱ ላይ እያነበባችሁ፣ «እንግዲያው እንጠብቅሃለን» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ይሄ የሁላችንም ነው። ደግሞስ ያ ሰው በቀጠሮው ቀን እውነትም ሲመጣ፣ ምነው በቀረ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ይህኛው የደረሰው በእኔ ነው፤ ኦስሎ ውስጥ፣ በአንድ የበረዶ ሆኪ አዳራሽ።

በቅደም ተከተል ላስረዳ። አስተማሪ ነኝ፤ ቅደም ተከተል ሲዛባ ሰላም አይሰማኝም።

በከተማው ምሥራቅ በኩል ባለ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል አስተምራለሁ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ሃውገሩድ በሚባል ሰፈር ነው። ከደሴ ስንመጣ ልጅ ነበርኩ፤ በመጣን ዓመት ትምህርት ቤቱ ወደ በረዶ አዳራሹ ወሰደን፣ አንዲት የማላውቃት ሴት ተንበርክካ ሌላ ልጅ የተወውን የመንሸራተቻ ጫማ እግሬ ላይ አሰረችልኝ። ወደቅሁ፣ ተነሣሁ፣ ደግሜ ወደቅሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከዚያ አዳራሽ አልጠፋሁም። አሁን የክለቡ ቦርድ አባል ነኝ፣ በዕድሜ የሁሉም ታናሽ። የክፍሌ ሴቶች ልጆችም የሚለማመዱት እዚያው ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አዳራሹ ውስጥ በረዶ ያለው ክለቡ ስላለ ነው። ክለቡ ከፈረሰ ማቀዝቀዣው ይጠፋል፤ ማቀዝቀዣው ከጠፋ በረዶው ይቀልጣል። ከዚህ በታች «ፈራሁ» ባልኩ ቁጥር የፈራሁት ይህንኑ ነው።

ክለባችን በሁለተኛው ሊግ የሚጫወት ነው። ተጫዋቾቹ ቀን ኤሌክትሪክ ይዘረጋሉ፣ ይማራሉ፣ አንዱ አውቶቡስ ይነዳል፤ ማታ ይጫወታሉ። ባለፈው መኸር አንድ ክለብ ከላይኛው ሊግ ራሱን አገለለና «ቦታውን ትወስዱታላችሁ?» ተብለን ተጠየቅን። ላይኛው ሊግ ማለት ከሆኪ ሌላ ሥራ የሌላቸው ተጫዋቾች ማለት ነው። እነሱን የሚያኖር ደግሞ የሚሞላ አዳራሽ ነው፤ አንድ ቀን ሳይሆን ክረምቱን በሙሉ፣ ማክሰኞም ሐሙስም ቅዳሜም። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነበር፦ ሆኪ የሚወድ ትንሽ ቦታ ትልቅ ቡድን መሸከም ይችላል ወይ?

የቦርዳችን ሰብሳቢ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ረጅም፣ ድምፀ ጎላ፣ በየጨዋታው በአዳራሹ ኪዮስክ ውስጥ ቫፈል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ የምትጋግር። ያን ጫማ እግሬ ላይ ያሰረችው እሷ ነበረች። «ሕዝቡ ይወደናል» አለች። «የሚወደን ሰው ይመጣል።»

ከመወሰናችን በፊት ግን ቦርዱ በባቡር ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ሄደ። እዚያች ከተማ ሆኪ የማይወድ ሰው የለም። በየቤቱ በር የሆኪ ዱላ ተደግፏል፤ የጋራዦቹ በሮች ልጆች በመቷት ጥቁር የጎማ ክብ ተጎርጉደዋል። ቡድናቸው ከዓመታት በፊት ላይኛው ሊግ ገብቶ ነበር።

ቁልፉን ይዛ አዳራሹን የከፈተችልን ሴትዮ በደጉ ጊዜ በሩ ላይ ቲኬት ትቆርጥ ነበር። ገና ስገባ አንድ ነገር ጎደለኝ፤ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ብርዱ ነበር የጎደለኝ። አየሩ ለብ ያለ፣ እርጥብ ምንጣፍ እርጥብ ምንጣፍ የሚሸት ነው። በረዶው በነበረበት ቦታ ሰዎች በበጋ ለሽርሽር በመኪና የሚጎትቷቸው ተንቀሳቃሽ ቤቶች፣ ካራቫኖች፣ በሸራ ተሸፍነው ተደርድረዋል። ጎሉ የነበረበት ላይ አንዲት ነጭ ካራቫን ቆማለች፤ መስኮቷ ላይ አበባ ያለው መጋረጃ።

«ሰው ጠልቷችሁ ነው?» ብላ ሰብሳቢዋ ጠየቀች።

«ማን ይጠላናል?» አለች ሴትዮዋ። «ዛሬም መንገድ ላይ አቁመው ስለ ቡድኑ ያወሩኛል። በመጀመሪያው ወር መቆሚያ አልነበረም። ከዚያ ተሸነፍን፣ ከዚያ ዝናብ ጣለ። እያንዳንዱ ሰው ሌላው ይሄድልኛል ብሎ ቤቱ ቀረ።»

ስንመለስ ባቡር ውስጥ ሌሎቹ ያወራሉ፤ እኔ ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የክፍሌ ልጆች በሚለማመዱበት ቦታ ላይ ያቺ ካራቫን ትቆምብኛለች።

ሰብሳቢዋ ሥራ አከፋፈለችን። እያንዳንዳችን የምናውቃቸውን ሰዎች ላይኛው ሊግ ብንገባ ትመጣላችሁ ወይ ብለን እንድንጠይቅ። «አንቺ የሀገርሽን ሰዎች» አለችኝ። የሀገሬ ሰዎች ማለት ከወሎም ከአዲስ አበባም ከአስመራም የመጡ፣ በእኛ ሕንፃዎች የሚኖሩ፣ መሀል ከተማ፣ ቢየርቪካ፣ ቢሮ የሚያጸዱ፣ ታክሲና አውቶቡስ የሚነዱ፣ ሱቅ ያላቸው፣ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። በራቸውን አንኳኳሁ። እምቢ ያለኝ አንድ ሰው የለም።

«ሆኪ? እንዴት አንመጣም፣ አንቺ ጠርተሽን!»

«ያ፣ ያ» አሉኝ በኖርዌይኛ፣ አዎ አዎ ማለታቸው ነው፤ «ከነልጆቻችን!»

አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ አሉ፤ መሀል ከተማ ባለ ሆቴል ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ። እሳቸውማ ኮፍያቸውን አንሥተው ምለውልኛል። «ጓለይ» አሉኝ፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ከፊት ወንበር ያዥልኝ። ዓይኔ ደክሟል።»

«ጋሼ፣ ሆኪ አይተው ያውቃሉ?»

«ኧረ አላውቅም። ግን እመጣለሁ።»

ደረጃውን ስወርድ ቃላቸውን ለራሴ ደገምኩት። ያን ዓይነት «እመጣለሁ» አውቀዋለሁ፤ ያደግሁበት ነው። ጠያቂውን ላለማሳፈር የሚሰጥ ነው። ውሸት አይደለም፤ በር ላይ ለቆመ ሰው ወንበር እንደመሳብ ያለ ነገር ነው። ሰብሳቢያችን ደግሞ ሰው «ያ» ካለ ቀኑን ካላንደሩ ላይ ምልክት አድርጎበታል ብላ የምታምን ሰው ናት። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜያለሁ። የሰማሁትን እንዳለ ብናገር ክለቡን ገደል እከተዋለሁ፤ «የእኛን ሰዎች ቃል አትመኑ» ብል ደግሞ ያሳደጉኝን ሰዎች በፈረንጅ ፊት አዋርዳለሁ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሞከርኩት። ሆኪ የምትወዱ ተነሡ አልኩ። ሁሉም ተነሡ፤ አንዱ ወንበር ላይ ወጣ፣ አወረድኩት። በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ዝናብ ቢጥልም፣ ብንሸነፍም የምትመጡ ቆማችሁ ቅሩ፣ የማትመጡ ተቀመጡ አልኩ። ወንበር ተንጫጫ። ጥቂቶች ቀሩ።

ከኋላ ያለችው ልጅ እጇን ሳታወጣ ተናገረች። ተማሪዎቼ «አንቺ» ነው የሚሉኝ፤ እዚህ ደንቡ ነው። «አንቺስ? ያለፈው ማክሰኞ የት ነበርሽ?»

«የናንተን ፈተና እያረምኩ።»

«ታዲያ ተቀመጪ» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ተቀመጥሁም፤ እኔ እንኳ አልሄድኩም ነበር። ከእኔ በላይ ያን አዳራሽ የሚወድ ማን አለና!

የቦርዱ ስብሰባ በትምህርት ቤታችን የስፖርት ክፍል ሆነ። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። «የጠየቅኋቸው ሁሉ እመጣለሁ ብለዋል» አልኩ። ተጨበጨበ። ሰብሳቢዋ እየሳቀች ወደ ሌሎቹ ዞረች። ያኔ ነው፣ ድምፄ እንደሌላ ሰው ድምፅ እየተሰማኝ፣ «ግን የሚቀጥለው ማክሰኞ ጨዋታ አለን» ያልኩት። «ማንንም አናስታውስ። ማስታወቂያ አንለጥፍ። ማን እንደሚመጣ እንይ።»

«ፈራሽ?» አለኝ ከቦርዱ አንዱ፤ በሙያው የመኪና መካኒክ ነው። «አስተማሪ ሁልጊዜ ፈተና ይወዳል።»

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አልኩ። ሰብሳቢዋ ትክ ብላ አየችኝ። «ይሁን» አለች። «ማክሰኞ እናያለን። ረቡዕ መልሳችንን ለሊጉ እደውላለሁ።»

ያ ሳምንት አልነጋ አልመሽ አለኝ። እናቴ ምግብ ስተው አየችና አወጣጣችኝ። ሁሉንም ነገርኳት።

«በዚህ ነው?» አለች። «አንድ ሁለት ስልክ ብመታ አዳራሹን እሞላልሻለሁ።»

«እማ፣ እንዳትደውይ። ሳይጠሩ የሚመጡትን ነው ማየት የፈለግነው።»

«ሳይጠራ የሚመጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ብቻ «በአላህ እንዳትደውይ» አልኩ። «እሺ» አለች። የእሷንም «እሺ» ማወቅ ነበረብኝ።

ማክሰኞ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ነበር፤ ወርዶ የማያባራ የኦስሎ የኅዳር ዝናብ። አዳራሹ ቀድሜ ደረስኩ። ሰብሳቢዋ ኪዮስኩ ውስጥ ቫፈል ትጋግራለች። ይህ ዱግናድ የሚሉት ነው፤ ሁሉም ያለ ክፍያ ለጋራ ነገር የሚሠራው ሥራ፣ ክለቡ የሚቆመው በዚሁ ነው። ከበረዶው ማዶ የዘወትር ሽማግሌዎች ፔርሙሳቸውን ይዘው ተራርቀው ተቀምጠዋል። በሩን እያየሁ ተቀመጥኩ። በሩ ሲከፈት ቀና እላለሁ፤ አንድ ሰው ዣንጥላውን እያራገፈ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል።

ዳኛው ጥቁሯን ክብ ጣለ፤ ጨዋታው ተጀመረ። በእኔ በኩል ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ፈራሁ፣ ግን እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱ ውስጥ አንድ እፎይታ ነበረ። ባዶ ወንበር ይነበባል። ሰብሳቢዋ ታየዋለች፣ ታዝናለች፣ ነገ ቦታውን አንወስድም ትላለች፣ በረዶው ይተርፋል ብዬ አሰብኩ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ በሩ ተከፍቶ ቀረ።

ከፊት እናቴ ናት፣ የሥራ ጃኬቷን እንደለበሰች። ከኋላዋ የሕንፃችን ሴቶች፣ ባሎቻቸው፣ ሕፃናት ያዘሉ፣ ጋሪ የሚገፉ፣ ምግብ የያዙ፤ ያንኳኳኋቸው በሮች ሁሉ። ሽማግሌው ክራቫት አስረዋል። ወንበሮቹ ሞሉ፤ መተላለፊያው ሞላ። ጥቁሯ ክብ መረቡ ውስጥ ገባችና ሴቶቹ እልል አሉ። ጎሉ የእንግዳው ቡድን ነበር። ማዶ ያሉት ሽማግሌዎች ዞረው አዩን፤ አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፔርሙሱን ደፋ።

እኔ ግን ወደ ኪዮስኩ ዞርኩ። ሰብሳቢዋ የቫፈል ማንኪያዋን እንደያዘች ከኪዮስኩ ወጥታ አየች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። መጥታ አቀፈችኝ።

«ማክሰኞ» አለች። «በዚህ ዝናብ። ሳንጠራቸው። ነገ ጠዋት እደውላለሁ።»

ትከሻዋ ላይ እንዳለሁ ካራቫኗ ታየችኝ። አበባ ያለው መጋረጃዋ።

እረፍት ሲሆን እናቴን እጇን ይዤ ወደ ግድግዳው ወሰድኳት። «ደወልሽ።»

«ለሁለት ሰው ብቻ። እነሱ ለሌላው ደወሉ።»

«እማ፣ ምን እንዳደረግሽ አላወቅሽም።»

«አውቄያለሁ። ልጄ ባዶ ወንበር ታቅፋ ብቻዋን ትቀመጥ?» አለችኝ። «ፈረቃዬን ቀይሬ ነው የመጣሁ። እዚያ ጋ ያለችውን ታያታለሽ? እሷ ደግሞ የታመመ ልጇን ለእህቷ ሰጥታ ነው። ስላንቺ ሲባል።»

ያን ስሰማ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነልኝ፤ ግልጽ መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ። የእኛ ሰው ለአንድ ቀን ከሆነ የትኛውንም አዳራሽ ይሞላል። ለሰርግ ይሞላል፣ ለሐዘን ይሞላል፣ ልጅቷ እንዳታፍር ብሎ ይሞላል። በሳምንቱ ግን ማንም ድጋሚ አያገባም። ላይኛው ሊግ ደግሞ በየሳምንቱ ማክሰኞ አለው።

ሰብሳቢዋ የፊት ወንበር ላይ ወዳሉት ሽማግሌ ጎንበስ ብላለች። በኖርዌይኛ «በሚቀጥለው ማክሰኞም ትመጣለህ?» አለቻቸው።

«ያ፣ ያ» አሉ ኮፍያቸውን እያነሡ። «በደንብ!»

ወደ እኔ ቀና ብላ ሳቀች። ዝም ብል ያልፋል። ዝም ለማለት ምን ያህል እንደፈለግሁ ልነግራችሁ አልችልም። ከጎናቸው ተቀመጥኩና፣ ሰብሳቢዋ እንድትሰማ በኖርዌይኛ፣ ሌላ ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በዚህ ሰዓት ምን ይሠራሉ?»

አልጠበቁትም። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ማክሰኞ? ማክሰኞ የልጅ ልጆቼን ከመዋዕለ ሕፃናት እኔ ነኝ የማመጣቸው። እናታቸው ማታ ትሠራለች። አበላቸዋለሁ፣ አስተኛቸዋለሁ። ዛሬ ጎረቤት ይዛልኝ ነው።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስም እንደዚያው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ዝቅ ብለው፣ «ጓለይ፣ ምነው፣ አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፉም ጋሼ። እንኳን መጡ።»

ሰብሳቢዋ ቀና ብላ ቆመች። ከእናቴ አጠገብ ያለችውን ሴት ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ቢሮ ታጸዳለች፤ ማክሰኞ የሥራዋ ቀን ነው። ቀጥሎ ያለውን ሰው ጠየቀችው፤ ታክሲ ላይ ነው። ከዚያ በበረዶው ዙሪያ ዞራ ማዶ ሄደች፣ ወደ ገዛ ሰዎቿ። ከሩቅ አያት ነበር። አንዱ ራሱን አከከ። አንዱ በእጁ እያሳየ ረጅም ነገር ተናገረ፤ የልጅ ልጁ የእጅ ኳስ ልምምድ እንዳለበትና ቅዳሜ ደግሞ ጫካ ውስጥ ወዳለው የመዝናኛ ቤቱ እንደሚሄድ ኋላ ሰማሁ። ስትመለስ ቫፈሉ ኪዮስኩ ውስጥ አሮ ነበር፤ ሽታው አዳራሹን ሞልቶታል።

«ሁሉም ይወዱናል» አለች፣ ወንበር ላይ እየተቀመጠች።

«ይወዱናል» አልኩ።

«አንቺ ቀድመሽ ታውቂ ነበር።»

«አላውቅም ነበር። እፈራ ነበር።»

ረቡዕ ደውላ ቦታውን እንደማንወስድ ተናገረች። መካኒኩ አሁንም በግማሽ ነው ሰላም የሚለኝ። ትልቅ ቡድን ቢኖር ሰው ለቡድኑ ሲል ሕይወቱን ያስተካክል ነበር ይላል፤ ልክ አይደለም ብዬ ልምል አልችልም። ሁለት ጎበዝ ተጫዋቾች ወደ ሌላ ክለብ ሄደዋል። በረዶው ግን አለ። ትናንት የክፍሌ ልጆች ሲለማመዱ ቆሜ አየሁ፤ ጎሉ ያለበትን ቦታ ሳይ ያቺ ካራቫን አሁንም ትታየኛለች። እናቴ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ራሷ መጥታለች። ማንም አልጠራትም። ለምን መጣሽ ስላት «ሥራ አልነበረኝማ» አለችኝ፤ ደስ ያለኝ ለእኔ ብላ ስላልመጣች ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። በከተማችሁ ትልቅ ነገር ሊተከል ነው ተብሎ፣ ቡድንም ይሁን ሌላ፣ ሰው ሁሉ «እንመጣለን» ሲል ስትሰሙ፣ «ትመጣላችሁ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰዓት ምን እንደሚሠሩ ጠይቋቸውና መልሳቸውን እስከ መጨረሻው ስሙ። መጀመሪያ ግን ራሳችሁን ጠይቁ፤ ያለፈው ማክሰኞ የት ነበራችሁ? እባካችሁ፣ ዛሬውኑ ሞክሩት።